ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ፤ በጓሮ ስለ ታሰሩ ወገኖቻችን

የጉራጌን አገር ለመጐብኘት ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ ዓለም ገና ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንዱ በሰበታና በወሊሶ አድርጎ፥ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከወልቂጤ ይደርስና የግቤን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ጅማ ይዘልቃል። ሁለተኛው ወደ ግራ ታጥፎ፥ አዋሽን በመልካ ቁንጡሬ ተሻግሮ፥ ጢያንና ቡኢን አልፎ ወደ ቡታጅራ ይወርዳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ረጅሙ የጉራጌ ተራራ ቆሟል። ወልቂጤ ምዕራቡን፥ ቡታጅራ ምሥራቁን ይዛለች፤ አስተዳደሩም ስለ ተከፈለ ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፥ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። ገበያቸውን ያየ ሰው ግን የአንድ አገር ልጆች መሆናቸውን ይረዳል፤ ቆጮው፥ ቅቤውና በርበሬው ከሁለቱም አይጠፋም።

እኔ ባለፈው ሰኔ ወደዚያ የሄድሁት አገር ለማየት አልነበረም። ለፈተና ተቆጣጣሪነት ታዝዤ ወልቂጤ ጥቂት ቀን ከቆየሁ በኋላ፥ ቡታጅራ የሚኖሩትን ዘመዶቼን ልጠይቅ አስቤ ነበር። ሆኖም በዚህ ጉዞ ላይ ያየሁትን፥ ኋላም ስለዚሁ ነገር ሊቃውንቱ ከጻፉት ያነበብሁትን ለክርስቲያን ቤተ ሰቦች ባቀርበው ተገቢ መስሎ ታየኝ።

የወልቂጤ መናኸሪያ ከማለዳ ጀምሮ በሰው የተሞላ ነው። በዚያ በአውቶቡሶቹ መካከል ዕድሜው ሠላሳ ያህል የሚሆን፥ ካፖርቱ የተቀዳደደ ሰው ለብቻው እየተናገረ ይመላለስ ነበር። ረዳቶቹ ያውቁታል፤ መንገድ እንዲለቅ በእጃቸው ገፋ ያደርጉታል እንጂ አይመቱትም። ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ዳቦና ሻይ ሰጠችው፤ ስኒው ግን ከሌሎቹ ተለይቶ ከሣጥኑ ሥር የሚቀመጥ የእርሱ ብቻ ስኒ ነበረ። ከአጥሩ ወዲያ የተሰበሰቡ ልጆች ጠጠር ይወረውሩበታል። ከእነርሱ አንዱን በማግስቱ የዜግነት ትምህርት ፈተናውን አጎንብሶ ሲሠራ አገኘሁት፤ መልሱንም ሳይሳሳት እንደሚጽፈው አልጠራጠርም።

የከተማው ሕመምተኛ ምንም ቢጐሳቈል በዓይን ይታያል፤ የሚያልፈው ሁሉ ቁራሽ ይወረውርለታል። በገጠር ያለው ግን አይታይም። ይህን ለመረዳት የጉራጌን መንደር አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በእምድብር አካባቢ ወዳለው ወደ አባቱ ቤት ወሰደኝ። በዚያ አገር ጀፎረ የሚባል ነገር አለ። ጀፎረ ማለት በሁለት ወገን በተሰለፉ ቤቶች መካከል የሚያልፍ ሰፊ የሣር ሜዳ መንገድ ነው፤ ማንም አያርሰውም፥ ማንም ለራሱ አጥሮ አይይዘውም። ልጆች ይጫወቱበታል፥ ከብት ይነዳበታል፥ ሠርግ ይጨፈርበታል፥ ለቅሶ ይለቀስበታል፥ ሽማግሎችም ተቀምጠው ነገር ያዩበታል። የየቤቱ ፊት ወደ ጀፎረው ነው፤ በስተጀርባ ደግሞ እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። እንሰት ዓመታት ጠብቆ የሚበላ፥ ዝናብ ሲጠፋም ቶሎ እጁን የማይሰጥ ተክል ስለ ሆነ፥ እርሱ በደጁ ያለው ቤተ ሰብ እንግዳ አያፍርም። የሐዋርያት ጾም በመሆኑ ያን ማታ የቀረበልን ቆጮና ጎመን ነበር፤ እንደዚያ ያለ ጎመን በአዲስ አበባ በልቼ አላውቅም።

ሌሊት ዝናቡ ሲያባራ ከጎረቤት እንሰት ውስጥ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ልቅሶም ዘፈንም አይደለም፤ አንድን ቃል እየደጋገመ የሚጣራ ድምፅ ነው። ባልደረባዬ ነቅቶ እንደ ነበረ አውቃለሁ፤ ሆኖም ምንም አልተናገረም።

በማግስቱ ከቅዳሴ ስንመለስ አንዲት እናት በር ላይ ቆመው ጠበቁን። የቤቱ ባለቤት ስለ እኔ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነግረዋቸው ኖሮ እጄን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ እኔም ቀድሜ ጎንበስ አልሁ። ከዚያም በእንሰቱ መካከል ወዳለች አነስተኛ ጎጆ ወሰዱኝ። ዕድሜው ሃያ አምስት ያህል የሚሆን ወጣት መሬት ላይ በተነጠፈ የእንሰት ቅጠል ተቀምጧል። አንድ እግሩ በሰንሰለት ከምሰሶው ጋር ታስሯል። ብረቱ ቁርጭምጭሚቱን እንዳይልጠው እናቱ ጨርቅ ጠቅልለውበታል፤ ጨርቁም የታጠበ ነበረ።

«ቅዳሴው ወጣ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ።

«አዎን፥ ወጥቷል» አልሁት።

«ከዚህ ይሰማኛል» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ወደ ውጭ ስንወጣ እናቲቱ እንዲህ አሉኝ። «የኔታ፥ አይፍረዱብኝ። ልጄን ያሰርሁት ጠልቼው አይደለም። ሦስት ጊዜ ጠፍቶብኛል፤ በሦስተኛው ከወንዝ ዳር ነው ያገኙት። አባቱ ከሞተ ቆይቷል። ቀን እንሰት እፍቃለሁ፥ ሌሊት እርሱን እጠብቃለሁ። ሰንሰለቱ ባይኖር እኔ መቼ እተኛለሁ?»

«ጠበል ወስደውታል ወይ?»

«ሁለት ጊዜ ወስጄዋለሁ። ትንሽ ተሽሎት ነበር።»

«ሐኪም ቤትስ?»

«ማን ይዞልኝ፥ የኔታ? መኪና ላይ አይቀመጥም። አጥብቀው የሚይዙት ሦስት ወንዶች ያስፈልጋሉ፤ ለሁላችን ደግሞ መሳፈሪያ።»

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ሰንሰለት ባየን ጊዜ ልባችን ቶሎ ወደ ፍርድ ይሄዳል። ነገር ግን የማርቆስን ወንጌል አምስተኛውን ምዕራፍ እንደገና አስተውለን ብናነበው፥ በጌርጌሴኖን አገር የነበረውን ያን ሰው ብዙ ጊዜ አስረውት እንደ ነበረ ወንጌላዊው ይነግረናል፤ ስላሰሩት ግን አንድ የወቀሳ ቃል አልጻፈባቸውም። ጌታችን በሽተኛውን ያናገረው ስሙን በመጠየቅ ነው። በዳነም ጊዜ አብሮ ለመሄድ ቢለምነው፥ ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ እንዲመለስ አዘዘው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የአገሩ ሰዎች ነገር ነው፤ ሲጮኽና ድንጋይ ሲያነሣ ኖረው፥ አእምሮው ተመልሶለት በጸጥታ ተቀምጦ ባዩት ጊዜ ፍርሃት ያዛቸው። ከእነርሱ ጋር ዳግመኛ መኖር ለእርሱ ቀላል እንዳልሆነለት እገምታለሁ።

ማክሰኞ እስከ ዓለም ገና ተመልሼ የቡታጅራውን መኪና ያዝሁ። ስለዚህ መንገድ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። በ1950ዎቹ ዓመታት የአካባቢው ተወላጆች፥ በአዲስ አበባ በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ የሚተዳደሩት ጭምር፥ ማኅበር መሥርተው ገንዘብ በማዋጣት ከዓለም ገና ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደውን መንገድ እንዲሠራ አድርገዋል። በዚያው ዘመን በምዕራቡ ወገን ያሉትም የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁመው ወደ እምድብርና ወደ ሌሎቹም አገሮች መንገድ አስወጥተዋል። ድንጋይ መፈንቀልና ድልድይ መሥራት ለአንድ ቤት የማይቻል መሆኑን ተረድተው ሸክሙን ለሁሉ አካፈሉት።

ጢያ ላይ 36ቱ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ከእነርሱ 32ቱ ሥዕል የተቀረጸባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገቡ የውጭ አገር ጐብኚዎች ይቆሙላቸዋል፤ የእኛ ሾፌር ግን አልቆመም። ከመንገዱ በስተምሥራቅ፥ ራቅ ብሎ፥ የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መካነ መቃብር እንደ ሆነ የሚታመነው የምድረ ከብድ ገዳም አለ። ሥዕላቸው በየቤታችን ግድግዳ ላይ ስላለ ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል፤ አንበሶችና ነብሮች በእግራቸው ሥር ተኝተው፥ በውኃ ጥም የተቃጠለች ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ። በጥቅምትና በመጋቢት አምስት ቀን ወደዚያ ከሚጐርፈው ሕዝብ መካከል እጅና እግራቸው ታስሮ ለጠበል የሚወሰዱ ሕመምተኞች ጥቂቶች አይደሉም። የጻድቁ ዓይን ለወፍ ከራራ፥ እነዚህን ይዘው የመጡ ቤተ ሰቦች በዚያ ተስፋ ማድረጋቸው አያስደንቅም።

ቡታጅራን ብዙዎቻችን የምናውቃት በበርበሬዋ ነው። በዓለም ሐኪሞች ዘንድ ግን ስሟ የሚነሣው በሌላ ነገር ነው። በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ከኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም የተባለውን ጥናት ጀመረ፤ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ የሚወለደውንና የሚሞተውን ሁሉ መመዝገብ ማለት ነው። ይህ መዝገብ በተዘጋጀበት አገር ላይ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው የአእምሮ ሕመምን መመርመር ያዙ። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ውስጥ መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠየቁ። በጓሮ ያለው በዚህ ጊዜ ተቈጠረ። ስኪዞፍሬንያ የተባለው፥ ሰው የሌለ ድምፅ የሚሰማበትና የሌለ ነገር የሚያምንበት ከባድ ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ተገኙ፤ እጅግ የሚበዙት ስለ ሕመማቸው አንድ ጊዜ እንኳ የሐኪም መድኃኒት ቀምሰው የማያውቁ ነበሩ። ያን ጊዜ በአገሩ ሁሉ ለዚህ ሕመም ብቻ የቆመው ሆስፒታል በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆኖ፥ ከቡታጅራ እዚያ ድረስ ታማሚን ይዞ መድረስ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከእምድብሯ እናት አፍ የሰማነው ነው። ከጥናቱ ጋር ግን በቡታጅራ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥበት ክፍል ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ያህል ሲከታተሏቸው 121ዱ ሞቱ። ይህ በአካባቢው ካለው ከሌላው ሕዝብ ሞት እጥፍ ነው፤ የሞቱትም በአማካይ ሊኖሩት ከሚገባቸው ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ነው። የገደላቸው ምንድን ነው ቢባል፥ ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ሌላው ሰው ትኩሳት ሲይዘው ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚድንበትን በሽታ፥ እነዚህ «ዕብድ ነው» ተብለው የሚያያቸው ጠፍቶ ሞቱበት ማለት ነው። በሶዶ ወረዳ የተደረገው ሌላ ጥናት ደግሞ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ካለባቸው ቤቶች ከሦስቱ አንዱ ያህል በብርቱ የምግብ እጦት ውስጥ እንዳለ፥ ሕመምተኛ በሌለባቸው ግን ከስድስቱ አንዱ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ሥራ የሚሠራው እጅ ታስሯል፤ እርሱን የሚጠብቀውም እጅ አብሮ ታስሯል።

ዘመዶቹስ? በቡታጅራ 178 የቤተ ሰብ አባሎች ተጠይቀው፥ ከአራቱ ሦስቱ በሕመምተኛው ምክንያት የጎረቤት መገለል እንደ ደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናገሩ። ከሦስቱ ከአንድ የሚበልጡት በቤታቸው ሕመምተኛ መኖሩን መደበቅ እንደሚፈልጉ ገለጡ። ጭንቀቱን የምንችለው በጸሎት ነው ያሉት 65 በመቶ ናቸው። በዚያ አገር ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር ስለሚኖሩ፥ ይህ መልስ የመስጊድም የቤተ ክርስቲያንም መልስ ነው። እኔ ይህን ቍጥር ሳነብ የታየኝ ጸሎቱ አይደለም፤ ጸሎት በጎ ነው። የታየኝ ከጸሎቱ በቀር የሚረዳቸው ሰው አለመኖሩ ነው። በጀፎረው ላይ ለሠርግና ለለቅሶ የሚወጣ ሕዝብ፥ ከአንድ ቤት ጓሮ ድምፅ ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። ይህንንም በክፋት አያደርገውም፤ ባለቤቶቹን ላለማሳፈር ብሎ ነው። እነርሱም ጎረቤቱን ላለማስቸገር ይደብቃሉ። በዚህ ዓይነት ሁለቱም ወገን እየተከባበረ በመካከል አንድ ሰው ይጠፋል።

እንግዲህ ደስ የሚያሰኘውን ደግሞ ልናገር። ከቡታጅራ በስተሰሜን በቡኢ ከተማ ዙሪያ ባለው በሶዶ ወረዳ፥ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ ተሞከረ። ልዩ ሐኪም አልመጣም፤ በዚያው ያሉት የጤና ባለሙያዎች ሠልጥነው መድኃኒቱን ሰጡ። አገልግሎቱ ሲጀመር ከሕመምተኞቹ ሩብ ያህሉ የመታሰር ዕጣ የደረሰባቸው ነበሩ። ከዓመት በኋላ ሲጠየቁ ከአሥሩ አንድ ያህል ሆኑ። ሰንሰለቱን በአዋጅ የከለከለ፥ እናቶችንም የገሠጸ አልነበረም፤ መድኃኒቱ በቅርብ ሲገኝ ገመዱን ራሳቸው ፈቱት። በ2009 ዓ.ም. ስለ መታሰር በዚያው ወረዳ የተጻፈው ጥናትም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው፤ የሚያስሩት ሕይወቱን ለማዳን፥ ሰው እንዳይጎዳ ለመከላከል፥ ወይም ለሕክምና ለመውሰድ ሌላ ብልኃት ሲያጡ ነው። ቆይቶም ከአካባቢው የተመረጡ፥ ሐኪም ያልሆኑ ወጣቶች ጥቂት ሳምንት ሠልጥነው ወደየቤቱ እየሄዱ ቤተ ሰቡን አነጋገሩ፥ ሕመምተኛውን ገበያ እንዲወጣና ሥራ እንዲለማመድ ረዱ፥ የእድርና የሃይማኖት አባቶችን ስለ ጉዳዩ አማከሩ። ይህ ያልተደረገላቸው መድኃኒት ብቻ ሲወስዱ ከቆዩት ይልቅ፥ እነዚህ በዓመቱ መጨረሻ የዕለት ኑሯቸውን ማከናወን ይበልጥ ቻሉ።

አንባቢ ስለ ጠበሉ ይጠይቀኝ ይሆናል። ጠበል ስሄድ መድኃኒቱን ልጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ቤት አስጨንቋል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ጠበል ለነበሩ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች መድኃኒቱንና ጠበሉን አብረው ይውሰዱ ብለው ማስተማራቸውን የምናስታውስ እናስታውሳለን። በዚያው በእንጦጦ ማርያም ጠበል ካህናቱና የአእምሮ ሐኪሞች ተስማምተው ሕመምተኞችን አብረው ሲረዱ ቆይተዋል። መድኃኒቱን በባዶ ሆድ መዋጥ ለሚያስቸግረው ደግሞ ፍትሐ ነገሥታችን የታመመውን ከጾም ግዴታ አላቆታል፤ የንስሐ አባት ይህን ለእናቲቱ በግልጥ ቢነግሯት ከብዙ ጭንቀት ያሳርፏታል።

ከቡታጅራ ስመለስ ቡኢ ላይ መኪናው ጎማ ስለ ነካው ሰዓት ያህል ቆመን ነበር፤ እኔም ጤና ጣቢያውን ለማየት ሄድሁ። በግቢው በእንጨት አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ስለ ራስ ምታት፥ ስለ እርግዝና፥ ስለ አእምሮ ሕመም የመጡት ሁሉ በአንድ ወረፋ ነበሩ። አንድ አባት ከጎልማሳ ልጃቸው ጋር መድኃኒታቸውን ተቀብለው ሲወጡ የሚቀጥለውን ቀጠሮ በገበያ ቀን እንዲያደርግላቸው ነርሱን ለመኑት፤ በሌላ ቀን መኪናው ውድ ነው። መድኃኒቱ ያለቀ ጊዜ ምን ታደርጋላችሁ ብዬ ብጠይቃቸው፥ ልጁ ቀደም ብሎ «እንገዛለን፥ ካጣን እንጠብቃለን» አለኝ።

ከዚያው ከቡኢ ለእምድብሩ ባልደረባዬ ስልክ ደወልሁለት። ነገሩን ለመንደሩ እድር አቅርቦት ኖሯል። ሽማግሎቹ ሁለት ሰንበት ተከራክረዋል፤ የእድሩ ደንብ ስለ ሞተ እንጂ በሕይወት ስላለ ሕመምተኛ አይልም፥ ገንዘቡ ከወጣም ነገ ሁሉም ይጠይቃል የሚሉ ነበሩ። በመጨረሻ ከሣጥኑ ሳይሆን ከየኪሳቸው እንዲያዋጡ ተስማሙ፤ የልጁን፥ የእናቱንና የሦስት ያዦችን መሳፈሪያ ደርሶ መልስ አስልተው ሰብስበዋል። እንሄዳለን ያሉት ግን ሁለት ናቸው። ከሐምሌ አምስት በኋላ፥ ጾሙ ሲፈታ፥ እኔ ወደዚያ እንደምመጣ ነገርሁት፤ ሦስተኛው ሰው እስከዚያ ካልተገኘ ከጎኑ የምቀመጠው እኔ ነኝ።